ጫማዬን የወሰደው ምእመን

ባለፈው እሑድ ጫማዬን ተሰረቅሁ። ያውም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ። ቅዳሴ ቆሜ ስወጣ፣ ቡናማው የቆዳ ጫማዬ በነበረበት ቦታ፣ ተረከዙ ያለቀ፣ ጎኑ በሽቦ የተጠገነ የፕላስቲክ ጫማ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ያየኝ ሁሉ «አይዞዎት አባባ፣ እግዜር ይተካልዎታል» አለኝ። «እንኩ የእኔን ያድርጉ» ያለኝ ግን የለም።

እኔን የደነቀኝ ስርቆቱ አይደለም። 74 ዓመት ኖሬ በሌባ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። የደነቀኝ የሌባው ሥርዓት አክባሪነት ነው። ጫማ አድርጎ መቅደስ አይገባም፤ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ በሩ ላይ አወለቀ። ነጠላውንም አጣፍቶ ይሆናል። በሴቶች በር አልገባም፤ በወንዶቹ በኩል ነው የገባው። ሰገደ፣ ተሳለመ፣ ምናልባትም አጠገቤ ቆሞ እግዚኦታውን ከእኔ በላይ ጮኾ አድርሷል። ከዚያ ወጣና የእኔን ተጫምቶ ሄደ። ሙሴ በኮሬብ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘውን ትእዛዝ አክብሯል። እዚያው ተራራ ላይ በኋላ ስለ ስርቆት የወረደችውን ግን አልሰማም።

ዕለቱ ደግሞ ምኩራብ ነበር። ሰባኪው ጌታ ሻጮችን በጅራፍ ከቤተ መቅደስ እንዴት እንዳስወጣ እንባ እየተናነቀው ሰበከ። ሲጨርስ እንባውን ጠረገና ለሕንፃ ማሠሪያ የሚሆን ቲሸርት በር ላይ እየተሸጠ መሆኑን አሳወቀን። አንድ ገዛሁ። ጠበበኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ እግሬን አየችና ሳቀች። «ለወጠህ እንጂ መቼ ሰረቀህ» አለች። ይኸው እንግዲህ! እንዲህ እየተተረጎመ ነው ሃይማኖቱ እዚህ የደረሰው።

34 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሁለት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ገና ከበር ሲገባ አውቀዋለሁ። አንደኛው መዝገብ ለግብር ሰብሳቢ የሚታየው ነው፤ ንጹሕ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። ሁለተኛው ትራስ ሥር ያድራል። ዛሬ ሥራ ስለፈታሁ ቁጭ ብዬ የምእመናኑን መዝገብ እመረምራለሁ። የቀጠረኝ የለም፤ ውሎ አበልም አይታሰብልኝም። ግን ዓይን አለኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ ሰፈሩም ሥራ አያሳጣኝም።

በቅድስት ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ማተቡ ላይ የእኔ ትውልድ እንኳ ያላሰረው ዓይነት ትልቅ የእንጨት መስቀል። ኬክ አዘዘ።

«የጾም ነው?»

«አዎ፣ የጾም ነው።»

«እንቁላል የለውም?»

«የለውም።»

«ቅቤስ?»

«ኧረ የለውም!»

«የተጋገረበት ትሪስ? ከፍስኩ ጋር አንድ ነው?»

ልጅቷ ልትጠይቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ካለን አገር አልጠፋችም አልኩ። ስልኩ ጮኸ፣ አነሣው። «ወንድሜ፣ ሐዋሳ ነኝ እኮ! ማርያምን! ሰኞ እንደገባሁ ብርህን አስገባልሃለሁ…» ይህን እያለ አንዱ የታክሲ ረዳት ከደጅ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ! የቀረው አንድ ሰው!» ብሎ ሰፈሩን አናጋው። ልጁ ስልኩን በመዳፉ ከድኖ ትንሽ አሰበ። «ቴሌቪዥን ነው» አለ። ልጅቷ ከጓዳ ተመለሰች። «ትሪው ለብቻው ነው።» «ተመስገን» አለና አማትቦ በላ።

ኬኩ ውስጥ አንዲት የእንቁላል ጠብታ ብትገኝ ይህ ልጅ ሌሊቱን እንቅልፍ ባልወሰደው ነበር። ሐዋሳ ግን ከነሐይቋ በጉሮሮው ስትወርድ ምንም አልተሰማውም። ፈሪሳውያን ትንኟን አጥልለው ግመሉን ዋጡ ተብለው ተወቀሱ፤ የእኛ ልጅ ከተማ ዋጠ።

ስለ ጾሙ ካነሣሁ አይቀር የሆዴን ልናገር። ሰባት አጽዋማት ተደንግገውልናል። ዐቢይ ጾም ብቻዋን 55 ቀን ናት፤ ሁሉም ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። በዚህ ላይ እኛ ምእመናን፣ ሲኖዶስ ሳያውቅ፣ የራሳችንን ድንጋጌ አወጣን። ሁዳዴ ይጾማል። ፍልሰታ ትጾማለች፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይሽቀዳደሙባታል። ነነዌ 3 ቀን ናት፣ ማን እምቢ ይላል? የሰኔ ጾም ላይ ስንደርስ ግን ድንገት ትሕትና ይይዘናል። «እሷ እኮ የቄስ ጾም ናት» እንላለን። ማን አለ? የት ተጻፈ? የሐዋርያት ጾም ናት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምእመን አይንካት ሲባል ግን አልሰማሁም። ፋሲካ ሲዘገይ ታጥራለች፣ ፋሲካ ሲቀድም ትረዝማለች። በረዘመችበት ዓመት የቄስነቷ ነገር ይብስ ይጠነክራል።

ሰዓቱም እንዲሁ ሆኗል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ መንዝ ላይ ጥላዋን በእግሯ እየለካች ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ውሃ አትቀምስም ነበር። የዛሬው ጾመኛ በጠዋት ፍርፍሩን በልቶ፣ አራት ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ደርቦ፣ ምሳ ላይ ለጾም ቡፌ ይሰለፋል። የጾም ፒዛ! የጾም በርገር! የጾም ክትፎ! የልጅ ልጄ አንድ ሆቴል ጋበዘችኝና ጥብስ ቀረበልን። «እንጉዳይ ነው አባባ፣ ይብሉ» አለችኝ። ጥርሴ ሥጋ ነው አለ፣ ምላሴ ሥጋ ነው አለ፣ ደረሰኙም ሥጋ ነው አለ። ከጾሙ ሕግ ሰዓቱ ወደቀ፣ ልኩ ወደቀ፣ ቅቤው ብቻ ቆሞ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩን የጀመርነው እኛው ነን። ሽምብራ ዓሣን የፈጠሩት የእናቶቻችን እናቶች ናቸው። የሽምብራ ዱቄት አቡክተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው ወጥ ውስጥ ይከቱታል። እናቴ የምትሠራው ዓይን ሁሉ ነበረው። ሽምብራ መሆኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ታዲያ ዓይን ለምን ተሠራለት?

ቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓን ሲደርስ ጾምን ከሆድ አውጥቶ ለዓይንም፣ ለጆሮም፣ ለአንደበትም አካፍሎታል። በየሁዳዴው ይዜማል። መሪጌታው ያዜማል፣ እኛ በጥሞና እንሰማለን፤ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመን መሪጌታውን እናማለን።

የታክሲውን ነገር ባልጀምረው ይሻለኛል። ሾፌሩ ቤተ ክርስቲያን ባለፈ ቁጥር መሪውን ለቆ ያማትባል፤ ቀይ መብራት ላይ ግን መሪውን አይለቅም፣ ነዳጁንም አይለቅም። ረዳቱ መልሴን በዋጠበት ወንበር ፊት ለፊት «ያለ እግዚአብሔር ምንም አልችልም» የሚል ተለጥፏል። ያለ እግዚአብሔር 5 ብሬን መዋጥም ባልቻለ ነበር ማለት ነው።

በወር በ19 የገብርኤል ማኅበር አለን። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የማኅበር ነገር ሲጀመር በቅዱሱ ስም ድኻ እንዲበላ ነበር። ዛሬም ጸሎቱ ይደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ ድኻው ብቻ ነው ከአጥር ውጭ የቀረው፣ ውሻው ስለሚናከስ። ባለፈው ወር ከደጅ «ስለ ገብርኤል!» የሚል ድምፅ መጣ። እኛም እዚያው ስለ ገብርኤል ጉንጫችንን እንደሞላን፣ በአንድ አፍ «እግዜር ይስጥህ» አልነው።

ይህች «እግዜር ይስጥህ» በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ስትታይ ትገርማለች። ዕዳው የእኔ ነው፤ ቼኩ ግን በእግዜር ስም ይቆረጣል። የራስን ወጪ በሌላ ሰው ሒሳብ መመዝገብ በእኛ መሥሪያ ቤት ያስከስስ ነበር።

ሐሜቱን የሚከፍተው ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ ነው። ያውም በጸሎት ነው የሚከፍተው። «እስቲ ለእገሌ እንጸልይለት፤ ሰሞኑን ፊቱ ልክ አይደለም፣ ማታ ማታም ከዚያች ከባለ ግሮሰሪዋ ጋር ይታያል» ይላል። «እግዜር ይርዳው» እንልና ወንበራችንን ጠጋ ጠጋ እናደርጋለን። ያልጸለይንለት ሰው በሰፈሩ የለም። እኔም አንድ ወር በጉንፋን ቀርቼ ነበር፤ ምን ተብሎ እንደተጸለየልኝ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ከ3 ዓመት በፊት 4,000 ብር ተበደረኝ። የቁልቢ ስለቱን ሊያገባ ነው። ልጁ ከሕመም ሲነሣለት ዣንጥላ ተስሎ ነበር። «ለታኅሣሥ 19 ካልደረስኩ ሞቼ ነው የምገኘው፤ መልአኩ ይቀሥፈኛል» አለኝ። ሰጠሁት። ዣንጥላው ገባ፣ እልል ተባለ፣ እሱም ተባርኮ ተመለሰ። ብሬን ስጠይቀው «አይ ጋሼ፣ ገብርኤል ያውቃል» ይለኛል። ገብርኤል እንደሚያውቅማ እኔም አውቃለሁ! የሚያውቀው ያ ዣንጥላ የእኔ መሆኑን ነው። ሰውየው ግን መልአኩን የሚከፍለው ስለሚፈራው ነው። እኔ ያለኝ ከዘራ ነው።

የተበላሸው ከተማው ነው፣ አገር ቤት ሁሉም ጻድቅ ነበር ለሚሉኝ የአጎቴን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። መንዝ ላይ፣ በሚካኤል ቀንበር የማይነካ፣ ማጭድ የማያነሣ፣ ጎረቤቱ ሲያጭድ ካየ «በረዶ ልታመጣብን ነው!» ብሎ የሚጮህ ሰው ነበር። በአንድ የሚካኤል ሌሊት የድንበሩን ድንጋይ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሁለት ክንድ ሲያንከባልል ተያዘ። ሽማግሌ ተቀመጠ። «እንዴት በሚካኤል ዕለት?» አሉት። የመለሰው መልስ እስከ ዛሬ በቤተሰባችን ይነገራል፤ «ድንጋይ ነው ያነሣሁት። ሞፈር ነካሁ?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲሞት ሰባት ቄስ ነው የፈታው።

ይህ ሕዝብ ከተአምረ ማርያም ሁሉ አብልጦ የሚወደው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ፣ በሚዛኑ ላይ ያቺ ውሃ 78ቱን አንሥታ ዳነ። ታሪኩ ስለ ምሕረት ነው። እኛ ግን የያዝነው ተመኑን ነው፤ ለ78 ሰው አንድ ጥርኝ። አንድ ባለ ሱቅ አውቃለሁ፣ ሚዛኑ በየኪሎው 100 ግራም የሚሰርቅ። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ለቆሎ ተማሪዎች አንድ ኩንታል በሶ አይቀርበትም። ሰባኪው ነፍስ በሚዛን እንደምትቀርብ ሲናገር ሌላው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ፈገግ ይላል። የራሱን ሚዛን እያሰበ ይመስለኛል።

የራስህን ወገን ብቻ ነው የምታማው እንዳትሉኝ፣ አማቼ ጴንጤ ነው። ጠላ አይቀምስም፣ ጠጅ አይቀምስም። ጾምን ደግሞ «የልብ ነው» ይላል። መልካም! የልብ ስለሆነ ማንም ሊመረምረው አይችልም፤ ከኦዲት ውጭ የሆነ ሒሳብ ማለት ነው። ይህ ቢራ ቤት ደጃፍ ማለፍ የሚጸየፍ ሰው አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቶ 2:30 ብሎ ይፈርማል። ሲጠየቅ የጠዋት ጸሎት ላይ ነበርኩ ይላል። ልጄ ትኮራበታለች። እኔም በበዓል ቀን የእሱ ድርሻ ጠላ ስለሚተርፈኝ ብዙ አልከፋም።

ቅዳሴ ላይ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሥጋ ወደሙ ሊቀበል የሚሰለፈው ገና ያልደረሰና ያለፈበት ነው። ፊት ሕፃናቱ፣ ኋላ ሽማግሌዎቹ። መካከለኛው ትውልድ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። «ስረጋጋ እቆርባለሁ» ይላል። መረጋጋት ማለት ምን እንደሆነ በእኔ አይታችኋል፤ ከባለቤቴ ጋር የቆረብነው እኔ 60 ሲሞላኝ ነው፣ ኃጢአት ጥሎኝ ሲሄድ። እኔ ጥዬው አይደለም። ሰሞኑን ግን ሳል ስላለብኝ አልቀረብኩም። 9 ዓመት የቆየ ሳል ነው።

የንስሐ አባታችን በዘወረደ ቤት መጥተው ነበር። ጠበል ረጩ፣ መከሩን። ባለቤቴ ቀድማ ገባች፣ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ በርቷል። እኔ ስገባ አባ በሐዘን ዓይን አዩኝ። ወዲያው ገባኝ፤ የተናዘዘችው የእኔን ነው።

እኔም ተናዘዝኩ። ዓርብ ዕለት ሳላውቅ ቅቤ የነካው ሽሮ መብላቴን፤ ቅዳሴ መካከል ማዛጋቴን፤ አንድ ረቡዕ ሰዓቴ ቀድሞብኝ ቀድሜ መብላቴን። አባ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም አባ።»

«የአጥሩስ ነገር፣ ልጄ?» አሉኝ። ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ግን ልጄ ይሉኛል፣ ሥርዓቱ ነው።

የአጥሩ ነገር እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ከ9 ዓመት በፊት የቆርቆሮ አጥሩን ሲያድስ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ እኔ ግቢ ገፋ። ወይም እሱ እንደሚለው፣ እኔ ቀድሜ የገፋሁትን 40 ሳንቲ ሜትር መለሰ። ካርታው የሚለው… ካርታውን ተዉት፣ ካርታ ሰው የሠራው ነው። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። እሱ ቤት ለቅሶ ሲሆን የምሄደው ለዕድሩ ቅጣት ስል ነው፤ ድንኳኑ ውስጥም ከእሱ ራቅ ብዬ ነው የምቀመጠው። ደግሞ ይህን ከአጎቴ ድንጋይ ጋር እንዳታገናኙት። ያ ድንጋይ ነበር፤ ይህ ቆርቆሮ ነው። በሚካኤል ዕለትም አልነበረም።

አባ 40 ስግደት አዘዙኝ፤ ለየሳንቲ ሜትሩ አንድ አንድ መሆኑ ነው መሰለኝ። ሄደህ ታረቅም አሉኝ። ስግደቱን በዚያው ሳምንት ጨረስኩ። ጉልበቴ እየጮኸ 41 አደረግሁት፣ አንዷን በራሴ ጨምሬ።

ቅዳሴ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ አለች፤ ዲያቆኑ ምእመናኑ እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲለዋወጡ የሚያዝባት። ሁሉም ወደ ቀኝ ወደ ግራ ዞሮ እጅ ይነሣል። ጎረቤቴ የሚቆመው ከእኔ በስተግራ፣ ሦስት ሰው አልፎ ነው። ስለዚህ ለ9 ዓመት፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ ፈቀቅ ብዬ ከዓምዱ ጀርባ እሆናለሁ። ዓምዱ ሰፊ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ተሥሎበታል። ሰው ሥዕሉን ልሳለም የሄድኩ ይመስለዋል። እሳለማለሁም፣ እግረ መንገዴን።

በምኩራብ ዕለት፣ ጫማዬ በጠፋበት እሑድ፣ ዲያቆኑ እንዳዘዘ እንደ ልማዴ ፈቀቅ አልኩ። ከዓምዱ ጀርባ ሰው ቀድሞኝ ቆሟል። ጎረቤቴ ነው። ለካስ 9 ዓመት ሙሉ እሱ በዚያኛው በኩል፣ እኔ በዚህኛው በኩል እየዞርን አንዱን ዓምድ ስንደበቅበት ኖረናል! ያን ቀን አንዳችን ወገን ተሳስተን አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠምን። አርጅቷል። የፊት ጥርሶቹ የሉም። መቼ እንደረገፉ አላውቅም፤ ከአጥሩ በፊት ነበሩት።

አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ሙሉ እጅ መንሣት አይባልም፤ 40 ሳንቲ ሜትርም አይሞላ። እሱም ወደ 20 የሚሆን ዝቅ አለ።

ቤት፣ ባለቤቴ በጫማው ስቃ ስትጨርስ፣ «ከዓምዱ ጀርባ አብራችሁ ስትወጡ አየኋችሁ፤ ታዲያ ምን ተባባላችሁ?» አለችኝ።

«ሁዳዴ ነው እኮ» አልኳት፤ «አንደበቴም እየጾመ ነው።»